ከምድጃው ጎን

ዲሊያ በአየርላንድ፣ በመላው ምዕራብ ክሌር፣ ሌላ ሰው የማይጫወታት አንዲት ዜማ ነበረቻት። ከእናቷ የወረሰቻት ናት፤ ስም የላትም፣ ሦስት ክፍል ግን አላት። ልጇ ኢታ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ እናቷ የምትጫወተውን ኮንሰርቲና፣ በሁለት እጅ የሚሳብና የሚገፋ ትንሽ አኮርዲዮን፣ ልማር ብላ የተነሳችው ለዚህች ዜማ ስትል ነው። እናትየው መርሳት ጀምራለች። ትናንት ማን እንደመጣ ይጠፋባታል፤ ጣቶቿ ግን ገና አልከዷትም።

ትምህርቱ በጆሮ ነው። ስልክ ደቅነው ሊቀዷት ሲሞክሩ ዲሊያ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ኮንሰርቲናው ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ያው አንዱ ቁልፍ የቆዳ ወናፉን ሲገፉ ሌላ፣ ሲስቡ ሌላ ድምፅ ያወጣል።

«ሳቢው እንጂ።»

«እየሳብኩ ነው፣ እማ።»

«እየገፋሽ ነው። አባትሽም እንዲሁ ነበር፤ ግራና ቀኙን ሳይለይ ሞተ።»

የገና በዓል ሲቃረብ ሁለቱ ክፍሎች ገቡላት። ሦስተኛው ቀረ።

በዚያ አገር ኮንሰርቲና የሚያድረው ከምድጃው ጎን፣ ግድግዳው ውስጥ ባለች ጎድጓዳ ነው፤ ርጥበት እንዳይበላው። ኢታም እንደ ወጉ እዚያው ታኖረው ነበር። በዚያው ዓመት ክፍቱን ምድጃ አስፈርሳ የብረት ምድጃ አስገብታለች፤ ግድግዳው እጅ እስከማያስነካ እንደሚግል ግን አንድም ቀን አላሰበችም። አንድ ጠዋት ስታወጣው እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ ቆዳው ደርቆ ተቀዷል። ስትስበው ባዶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ጠጋኙ ፊንታን አገላብጦ አየው። «ዳቦ መስሎሽ ነው የጋገርሽው?» አለና ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወው። «ለፋሲካ ይደርሳል።»

«ቀደም አይልም? እማ እኮ እየባሰባት ነው።»

«እንጨቱ ሳይረጋ ብነካው ጨርሶ ይሞታል፣ ኢታዬ።»

ሌላ ተዋሰችላት። ዲሊያ ዳሰሰችውና «የኔ አይደለም» ብላ መለሰችው። የብርዱ ወራት እንዲሁ በከንቱ አለቁ፤ ኢታም በየቀኑ ራሷን ስትረግም ከረመች።

በፋሲካ ሳምንት ኮንሰርቲናው ድኖ ተመለሰ። ኢታ እናቷ ፊት ተቀምጣ ሁለቱን ክፍሎች አንድም ሳትስት ተጫወተች። ሦስተኛው የሚጀምርበት ላይ አቆመችና ኮንሰርቲናውን እናቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«ከዚህ በኋላስ፣ እማ?»

ዲሊያ ፈገግ አለች። «ጎበዝ ነሽ። ከማን ተማርሽው?»

አሮጊቷ ኮንሰርቲናውን አቅፋ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ጎድጓዳዋን ሳትፈልግ አገኘቻት፣ በጥንቃቄም ወደ ውስጥ ገፋችው።

«ርጥበት ይበላዋል» አለች።

የብረት ምድጃው ይነድዳል። ኢታ ልታወጣው አልተነሳችም።