የባሌ ብስክሌት ልኬ አልነበረም

ለነሐሴው ትራያትሎን የተመዘገብነው በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረን የምንሠራ አራት ሴቶች ነበርን። አንዷ አረገዘች፣ አንዷ ወደ ካልጋሪ ተዛወረች፣ ሦስተኛዋ ሰኞ ጠዋት አንሶላ እያጠፈች «ሎርና፣ እኔ እንኳን ውድድር፣ ደረጃ መውጣትም ሰልችቶኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ስሜን ለማሰረዝ ስልክ መደወሉ ራሱ ስለታከተኝ ብቻዬን ቀረሁበት።

ዋናው አላሳሰበኝም፤ እንደ ፔንቲክተን ባለ የሐይቅ ዳር ከተማ ተወልዶ ውሃ የሚፈራ የለም። ሩጫውንም ቢሆን እያዘገምኩ እጨርሰዋለሁ። የቸገረኝ በመሃል ያለው ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ብስክሌት ላይ ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

«ምን ያስገዛሻል? ይኸው አለልሽ አይደል!» አለኝ ባሌ ግሌን።

ግሌን ጉልበቱ እስኪበላሽ ድረስ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተወዳድሯል። ጥቁሩ የካርቦን ብስክሌቱ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የዚያን ዕለት አወረደው። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገ፣ መሪውን ወደ እኔ ለማቅረብ ሌላ ማያያዣ ቀየረለት፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ። ግሌን በቁመት አንድ ራስ ሙሉ ይበልጠኛል፤ ያንን ግን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ሦስት ሳምንት ነዳሁት። መሪውን ለመያዝ አልጋ ሥር የገባ ጫማ እንደሚፈልግ ሰው መንጠራራት ነበረብኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው፣ ከዚያ መዳፌ። አንገቴ ይደርቃል። አንድ ቀን መብራት ይዞኝ ስቆም መሬቱ ራቀኝና ከነብስክሌቱ በጎኔ ወደቅሁ። አንድ ሽማግሌ ከመኪናቸው ወርደው አነሱኝ። ጠዋት ሥራ ስገባ እርጥብ ፎጣ ከማሽን ማውጣት ያቅተኝ ጀመር። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አልኩ ለራሴ፤ ድካሙ የኔ ድክመት መስሎኝ።

ለግሌን ግን አልነገርኩትም። ከፖም እርሻው ሲመለስ ሶፋ ላይ ወድቆ የሚቀር ሰውዬ፣ አሁን በየምሽቱ ጋራዥ እየወረደ ጎማ ይነፋል፣ ፍሬን ይሞክራል፣ «ዛሬስ እንዴት ነበር?» ይለኛል። «አሪፍ ነበር» እለዋለሁ።

አንድ ሐሙስ እሱ ሥራ ላይ እያለ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኜ ቤቨርሊ ሱቅ ሄድኩ። ቤቨርሊ ስድሳ ያለፋት፣ ጥፍሯ ሥር ጥቁር ቅባት የማይጠፋ ሴት ናት። ፀደይ ሙሉ ሰው ሲጎርፍባት ከርሞ ዓይኗ ጎድጉዷል። ብስክሌቱን ገና ስታየው አወቀችው።

«ይሄ የግሌን ብስክሌት አይደለም እንዴ?»

«ነው። እባክዎ እንዳይነግሩት።»

«ሰርቀሽው ነው?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«እሱማ የባሰ ነው» አለችና ብስክሌቱን ማቆሚያው ላይ አሰረችው። «ውጪበት እስቲ።» ወጣሁ። ከጎን ቆማ ትንሽ አየችኝ። «ውረጂ፣ የኔ እህት። የባልሽን ካፖርት ለብሰሽ እኮ ነው የምትዞሪው። እጅጌውን ብታጥፊው ትከሻው ያንቺ አይሆንም።»

«ኮርቻውን ዝቅ አድርጎልኛል።»

«ኮርቻ ዝቅ ይላል፤ ብስክሌቱ ግን አያጥርም። እጅሽ ይደነዝዛል አይደል?»

እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። በርጩማ ስባ ስትሰጠኝ ተቀመጥኩ። ያለቦታው ማልቀስ አማረኝ፤ ለዚያም አቅም አጣሁ።

የእግሬንና የክንዴን ርዝመት ለክታ ስታበቃ ዓይኔ አንድ ቀይ ብስክሌት ላይ እንዳረፈ አየች። «እሱ አጎንብሶ ለሚያድር ሰው ነው። ያኛው በክርን የሚደገፉበት ደግሞ ለትራያትሎን የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ቀጥ ብለሽ መንዳት ተማሪ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ካልሰለቸሽ ያኔ እናወራለን።» ከኋላ ግራጫ የአሉሚኒየም ብስክሌት አወጣች። መልኩ የቢሮ ፋይል ሣጥን ይመስላል። ፊቱ ከፍ ያለ፣ ጎማው ወፈር ያለ፣ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ያለው ነው። «ይሄ አያምርም። ግን ደክሞሽም አያስጠላሽም። ወደ ናራማታ የሚወስደውን ዳገት ውጪና ተመለሽ፤ እጅሽን ይዘሽልኝ ነይ።»

ዳገቱን ወጣሁ። ደከመኝ፤ ግን ሌላ ድካም ነው፣ ጭኔ ውስጥ ብቻ የሚቀር። ሱቁ ስመለስ አሥሩም ጣቶቼ በቦታቸው ነበሩ። «እስከ ቅዳሜ ያዙልኝ» አልኳት።

ራት ላይ ድንች የተጠቀለለበትን ፒሮጊ በሹካ እያገላበጥኩ «ቤቨርሊ ጋ ሄጄ ነበር» አልኩት።

ግሌን ማኘኩን አቆመ። «ብስክሌቴን ይዘሽ?»

«አዎ። ልኬ አይደለም ግሌን። እጄ እየደነዘዘ ነው።»

«ስታራግፊው አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?»

«አንቺንስ ምን ዝም አሰኘሽ?»

«ጋራዥ መውረድ ጀምረህ ነበራ። ደስ ብሎህ ነበር።»

ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ ከእርሻው ስመጣ እግሬን የምጎትተው በእጄ ነው። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ውስጥ ጠጠር ያለ ይመስለኛል። አንቺ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው የምወርደው።»

ነገሩ ያስቅ ነበር፤ ግን ሁለታችንም የምንስቅበት አቅም አልነበረንም። ሳህኑን እያነሳ፣ «ግን አንዳንዱን ቀን እውነትም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም» አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ለረጅም ጊዜ ሳህን አጠበ። ከእሱ በፊት ቤቨርሊ መስማቷ ሳይከነክነው አልቀረም።

ቅዳሜ ግን አብሮኝ መጣ። ግራጫውን ከፊትም ከኋላም ዞሮ አየው፤ ጎማውን ጨበጥ አደረገ፤ ከዚያ የኋላ ማርሹ ላይ አፈጠጠ።

«ይሄ የምግብ ሳህን ነው ወይስ ማርሽ? ይሄ ለአያቶች ነው።»

«ለአያቶችና ከሥራ መልስ ለሚነዱ ሰዎች» አለች ቤቨርሊ። «አንተ በከባድ የጎረምሳ ማርሽ ስትረግጥ ኖረህ ጉልበትህ የት እንደደረሰ እናውቃለን።»

ግሌን ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። የኮርቻውን ከፍታ እሱ ራሱ አስተካከለልኝ፤ ቤቨርሊም እጇን አጣምራ ተወችው። ሄልሜትና ትርፍ የጎማ ካላማዳሪያ ጨምረን ከፈልን። ጥቁሩ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተመለሰ፤ ይሸጥ ወይ ይቆይ የሚለውን እስካሁን አልተነጋገርንበትም።

የውድድሩ ዕለት ከሐይቁ የወጣሁት ከተወዳዳሪዎቹ መሃል ላይ ሆኜ ነበር። ብስክሌቱ ላይ ብዙ ሰው አለፈኝ፤ ወጣቶች፣ ሽማግሌዎች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር የምትመስል ሴት። በዳገቱ ላይ ግን ብስክሌታቸውን እየገፉ የሚሄዱ ሁለት ሰዎችን ተቀምጬ አለፍኳቸው። ሩጫውን ግማሹን ሮጥኩ፣ ግማሹን ተራመድኩ። መጨረሻው መስመር ጋ ድምጽ ማጉያው ስሜን አጣሞ ጠራው፤ ሦስት መቶ ምናምነኛ ወጣሁ።

ግሌንን በዓይኔ ፈለግሁት። ያን ሰሞን ለእርሻው ውሃ ለመልቀቅ ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚነሳው። ሣሩ ላይ በታጣፊ ወንበር ተቀምጦ፣ ስልኩን ፎቶ ለማንሳት ደረቱ ላይ እንዳዘጋጀ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። አልቀሰቀስኩትም። ጫማዬን አውልቄ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተጋደምኩ፤ አዘጋጆቹ ብስክሌታችንን ከማቆያው የሚመልሱበት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ሁለታችንም እዚያው ነበርን።