የሥላሴ ሥ

«ሥላሴን በእሳቱ ሰ ጽፋችሁ ለእኔ ትሰጡኛላችሁ?» ወይዘሮ ወለተሥላሴ የአባልነት ካርዳቸውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። የቄስ ልጅ ናቸው፤ በፊደል አይሸወዱም።

በቡሬ የገበሬዎቹ ማኅበር ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሚሌኒየሙ ሊገባ ነው፤ የካርዱ እደላ ተጀምሯል፤ እንግዶችም ከፍኖተ ሰላም ተነሥተዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓለምነህ ሳቅ ብለው፣ «እናቴ፣ ስ ያው ስ ነው» አሏቸው። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ወደ ክንዱ ዞረው ፊታቸውን አጠቆሩ። «ያንተ መንቀልቀል ነው። ከዛሬ ወዲያ ሌላ ጸሐፊ እንፈልጋለን።»

«የኪቦርዱን ሺፍት ይዤ ነው የመታሁት» አለ ክንዱ።

እስከዳር ደነገጠች። ክንዱ የሚጽፍበትን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት፤ «ሰ»ን ብቻ ለመታ እሳቱን ሰ፣ ሺፍት ይዞ ለመታ ንጉሡን ሠ እንዲያወጣ። «እስቲ ድገመው» አለችው። የክንዱ ጣቶች ሮጡ፤ ሺፍቱን ያዘ፣ ፊደሉን መታ፣ ለቀቀ። አሮጌው ኮምፒዩተር ተንቀራፎ ፊደሉን ሲያወጣው እሳቱ ሰ ሆነ።

ያኔ ገባት። ፕሮግራሟ ፊደሉን ሊያወጣ ሲል የሚጠይቀው «ሺፍቱ አሁን ተጭኗል ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቅ የነበረበት ደግሞ «ፊደሉ ሲመታ ተጭኖ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ውሏም በዚህ ሳምንት ይታደሳል። ግን ሰው ጣቱ ስለፈጠነ ከእንጀራው ሲፈናቀል ዐይቶ መቀመጥ አንገሸገሻት።

«ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤ የእኔ ነው» አለች። «ላስተካክለውና ሁሉም እንደገና ይታተም።»

አቶ ዓለምነህ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥፋቱን ክንዱ ይሸከመው። አንቺ ዝም በይ፤ ካርዱ ይታደል። እምቢ ካልሽ ውልሽን እርሺው።»

«ረስቼዋለሁ። ካርዱ ግን አይታደልም።»

መቀሱን አንሥታ የካርዱን ቁልል ወደ ራሷ ሳበች። የላይኛውን ለሁለት ቆረጠችው። ካርዷን ተቀብላ ልትወጣ የነበረች አንዲት የማንኩሳ ሴት፣ ንግሥቴ፣ የእሷም ስም በእሳቱ ሰ መጻፉን አይታ ተመለሰች። «የእኔንም ቁረጪው» ብላ አቀበለቻት። ከኋላዋም ሌላ እጅ ተዘረጋ።

በር ላይ የእንግዶቹ መኪና ጡሩንባ ነፋ። አቶ ዓለምነህ ኮታቸውን እየቆለፉ ሮጡ። እስከዳር ወንበር ስባ ከክንዱ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «አሁን ሳስተካክለው የምትሞክረው አንተ ነህ። አደራህን፣ ለእኔ ብለህ ጣትህን እንዳታዘገይ።»