ሰው የሌለበት ፎቶ

ነገሌ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው፤ ከባዱ የሚነሳውን ዕቃ ብቻውን ማግኘት ነው። ይህን የተረዳሁት ጎረቤቴ ቀድሪያ ለሱቋ ድረ ገጽ ያሠራች ሰሞን ነበር። የምትሸጠው ጎርፋ ነው፤ የቦረና ሴቶች ሰፍተው የሚሠሩት የወተት ዕቃ።

ወንድሟ ጁነይድ ግን ሱቁን ለስልክ ከቨርና ለቻርጀር ይመኘዋል። «እስከ ኢድ በኢንተርኔት አንድ ትእዛዝ ካልመጣልሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ» ብሏታል። ደግነቱ ወሰን ስለሌለው ፎቶ አንሺውም እሱው ሆነ፤ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ የእሱ ብቻ ነበርና። እኔን ምስል እንድመርጥ ጠሩኝ፤ ብዙ አገር ያየ ሰው ጎርፋ መምረጥ አያቅተውም በሚል ጽኑ እምነት።

ጁነይድ አንድ ባለሙያ በቪዲዮ ሲያስተምር ተመልክቶ ዕቅድ አውጥቷል፦ ዕቃው ብቻውን፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሰው ሳይኖርበት። አቡጀዲ ዘርግቶ ጎርፋውን አጋደመበት።

«ከፈን ነው እንዴ?» አለች ቀድሪያ። «ልሸጠው ነው ያልኩህ፤ ልቀብረው አይደለም።»

«ባለሙያው ያለው እንዲህ ነው።»

«ባለሙያው ሰው ሞቶበት አያውቅም ማለት ነው።»

ያም ሆኖ ተነሳ። ወዲያው ጎርፋውን የሰፋችው ዲንኪቱ ደረሰችና ተቆጣች። ባዶ የወተት ዕቃ ለእንግዳ ዓይን ማቅረብ «የምናጠጣህ የለንምና ሂድ» ከማለት አይለይም አለችና ወተት ሞላችበት። ክብራችን ተጠበቀ፤ በካሜራው የሚታየው ግን ወተትና ግብዣውን አክብረው የመጡ ዝንቦች ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ የቤተሰቡ ታላቅ አቦ ሀሺ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ።

«አካም፣ ናጋ? ምን ታነሳላችሁ?»

«ጎርፋ ነው፣ አቦ» አለ ጁነይድ።

«ታዲያ እኔ የት ልቁም?»

አንቱን ዕቅዱ አይጨምርዎትም የሚል ደፋር በነገሌ ገና አልተወለደም። ጁነይድ ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔ ወደ ጣሪያው። ሽማግሌው ወተት የሞላውን ጎርፋ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የርስት ክርክር እንደሚሰማ ዳኛ ተኮሳትረው ቆሙ።

ጁነይድ የነጩን ጨርቅ ምስሎች ድረ ገጹ ላይ ደረደረ። እኔ የመከርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ራሳቸውን ካጡት ስለሚቀየሙ፣ የአቦ ሀሺን ፎቶ ከታች፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጣል እንዲያደርግላቸው።

ኢድ ሊደርስ ሲል እስከዳር የምትባል የአዲስ አበባ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ ቀድሪያ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«ነጩ ላይ ያሉት የእስክሪብቶ ማስቀመጫ መስለውኝ ነበር» አለች ሴትየዋ። «መጠኑም፣ ምንነቱም የገባኝ ከታች ሽማግሌው ይዘውት ሳየው ነው። ለየክፍሉ አንዳንድ ላኪልኝ፤ እሳቸው የያዙትን ዓይነት።»

ቁልፉ ከቀድሪያ ዘንድ ቀረ። ጁነይድ አቡጀዲውን አጣጠፈ፤ ባለሙያውም በቪዲዮው ላይ ማስተማሩን ቀጠለ።

ከኢድ በኋላ ጁነይድ ጥቂት የስልክ ከቨሮች ይዞ አቦ ሀሺ ቤት ሄደ፤ እኔም ምስል መራጭ ነኝና ተከተልኩት።

«አቦ፣ እስቲ ይቺን አንዴ ይያዙልኝ።»

ሽማግሌው ከቨሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ስልኩስ?»

«ስልክ የለውም፤ የምሸጠው ከቨሩን ብቻ ነው።»

«ባዶ ነው በለኛ» አሉና መለሱለት። «ሂድ፣ ሞልተህ አምጣው።»