ፀሐይ የዘነበች ዕለት

ፔሬስ አዎር በሐይቅ ዳሯ በሆማ ቤይ ከተማ የጠበቃ ኦሉች ረዳት ናት። ረዳት ይበሏት እንጂ እሷ ባትኖር ሰውየው መነጽሩንም አያገኝም። መዝገብ የምትከፍተው፣ መዝገብ ቤት የምትሰለፈው፣ መጥሪያ የምታደርሰው፣ የምስክር ቃል ተቀብላ የምትተይበው እሷ ናት። ችሎት ውስጥ ግን ከጠበቃው ኋላ ፋይል ታቅፋ ትቀመጣለች፤ እዚያ እንድትናገር ሕግ አይፈቅድላትም። «አንቺ እኮ ችሎት ላይ አፍሽን የምትከፍቺው ለማዛጋት ነው» እያሉ የመዝገብ ቤት ሰዎች ይቀልዱባታል።

ያን ሳምንት የታቀፈችው የአኮትን ፋይል ነበር። አኮት ባሏ ሲሞት ወደ አባቷ መሬት ተመልሳ፣ ሐይቁ ዳር ትንንሽ ዓሣ እያሰጣች የምትኖር ሴት ናት። አባቷ መሬቱን የተናዘዙት «ለልጄ ለአቺየንግ» ብለው ነው። መታወቂያዋ አኮት ይላል። የአጎቷ ልጅ ይቺን ይዞ ተነሣ። በሉዎ ሕዝብ ልማድ በዝናብ የተወለደች አኮት፣ በፀሐይ የተወለደች አቺየንግ ትባላለች። «አንድ ሰው ሁለቴ አይወለድም፤ አቺየንግ የምትባል ዘመድ የለችኝም» አለ። ቀጠሮው ነገ ነው። እሱ ከረታ አኮት መግቢያ የላትም።

ስትወለድ ካዩት መካከል በሕይወት ያሉት አዋላጇ ዳኒ ሲሊፓ፣ ማለት አያት ሲሊፓ፣ ብቻ ናቸው። ከደጃቸው መራቅ ስለማይችሉ ዳኛዋ ቃላቸው በጽሑፍ እንዲቀርብ ፈቅደዋል። ፔሬስ ባለፈው ሳምንት ሄዳ ስታዳምጣቸው፣ ስለ ጀልባ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች፣ ስለምትዘንብ ፀሐይ ሲያወሩ ዋሉ። እሷም አርጅተው ነው ብላ፣ ቢሮ ገብታ ወሬውን ስታበጥረው የቀረው ይኼው ነበር፦ «ልጅቱ የተወለደችው በዝናብ ነው። አባቷ አቺየንግ ይሏት ነበር።»

«በዝናብ ከተወለደች ለምን አቺየንግ ይሏታል?» አለ ኦሉች አንብቦ። «ለአጎቷ ልጅ እኮ ነው የመሰከርሽለት! እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሂጂና አሻራቸውን አምጪ።»

ዳኒ ማንጎው ሥር እግራቸውን ዘርግተው አገኘቻቸው። የተየበችውን ስታነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጧትና አውራ ጣታቸውን በጡጫቸው ውስጥ ደበቁ።

«ፀሐይዋን የት አደረግሻት?»

«የቷን ፀሐይ፣ ዳኒ?»

«የሰጠሁሽን ነዋ! የሰው አደራ ትበያለሽ እንዴ?»

«ኧረ ዳኒ፣ ዳኛዋ ይስቁብናል።»

«ይሳቁ! ጥርስ ካላቸው ምን ቸገረሽ?»

ፔሬስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በዚህ መሐል ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ፤ ቅጠሉ ሁሉ ተገለበጠ፤ ሰማዩ ሳይጠቁር ዝናብ ወረደ። ፀሐይ አልጠፋችም። ጅብ ወለደች የሚያሰኘው ዓይነት ዝናብ ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ ብርሃን ይዞ ይወርዳል። ሐይቁ ወርቅ ሆነ። ጀልባዎቹ ውኃ ላይ ይሁኑ አየር ላይ አይለይም። ፔሬስ የት እንዳለች ረሳች፤ እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ የሚሞቅ ዝናብ ተጠራቀመ።

«ይኸውልሽ» አሉ ዳኒ። «ልክ እንዲህ ነበር። እናቷ ከቤት ውስጥ ሆና ጣራው ላይ ዝናቡን ሰማች፤ አኮት አለች። አባቷ ደጅ ቆሞ ፀሐይ ዓይኑን ወጋችው፤ አቺየንግ አለ። እስኪሞቱ ተጨቃጨቁበት። ሰው ሁሉ በእናቷ ስም ጠራት። እሱ ብቻ፣ ግትሩ፣ በራሱ።»

ፔሬስ አፈረች። ባለፈውም ይኼንኑ ነግረዋት ነበር፤ አላዋቂ ያደረጋት የራሷ ብልጠት ነው። የተተየበውን ቀደደችና በእርሳስ፣ አንድ ቃል ሳትጥል፣ ግትሩ የሚለውንም ጨምራ ጻፈች። ስታነብላቸው ዳኒ ጡጫቸውን ፈቱ።

በማግስቱ ኦሉች ቃሉን ለችሎቱ አነበበ። ዳኛዋ ሳቁ፤ ግን እሳቸውም የሐይቅ ዳር ልጅ ናቸውና ያን ዝናብ ያውቁታል። የአጎቷን ልጅ «አንተስ እንዲህ ሲዘንብ አይተህ አታውቅም?» አሉት። አቀረቀረ። መሬቱ የአኮት፣ በሌላ ስሟ የአቺየንግ ነው ብለው ወሰኑ፤ እንድትፈርም ትጠራ አሉ።

ስም ጠሪው ገና ጎረምሳ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አቺየንግ!» አለ።

በዚህ ስም ይጠሯት የነበሩት አባቷ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏል። አኮት ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች።

«አቤት፣ አባዬ!»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። እሷ ግን ቆማ በሩን ታያለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ፔሬስ መናገር አይፈቀድላትም። እርሳሷን አነሣችና «አቤት፣ አባዬ» ብላ እንዳለ ጻፈችው፤ ምንም አላረመችም።