ቀጥታ በረራ

ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ «ጠበቃው» ነው የምንለው። ሰበብ አያጣም፤ ብርጭቆ ቢሰብር እንኳ ጥፋቱ የብርጭቆው ነበር። ውጭ አገር ከሄደ በኋላም ለምን ብቅ እንደማይል ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ «መንገዱ እኮ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሦስት ቦታ አውሮፕላን እቀይራለሁ።» የምንኖረው ከዓለም ጫፍ ላይ ነው ያሰኛል።

ልብስ ሰፊው አባታችን ልጁ ያለውን ሁሉ እንዳለ ያምናል። እናታችን ያረፈች ጠዋት ዘመዶቻችን «ልጁ እስኪደርስ ቀብሩን እናቆየው» ሲሉ እምቢ ያለው እሱ ነው። «ሁለት ቀን ሙሉ በየሰው አገር እያለቀሰ ይንከራተት? አይሆንም፤ ቅበሯት።» በነጋታው ቀበርናት። ለወንድሜ የደወለለት ከቀብር ከተመለስን በኋላ ነው።

ጠበቃው ከስድስት ወር በኋላ መጣና አንድ ሳምንት ሰነበተ። ሲመለስ እኔና አባዬ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘነው። አባዬ ከኮት ገበር ቁርጥራጭ የሰፋለትን የአንገት ትራስ ታቅፎ ነበር።

ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ ሥራዋን ስትጨርስ አባዬ ክርኔን ነካ አደረገኝ።

«የት የት እንደሚያድር ጠይቂልኝማ።»

እኔ ሞኟ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኋት። ልጅቷ ሳቀች።

«ማደር? ኧረ አባባ፣ ቀጥታ በረራ ነው! አሥር ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው። ዛሬውኑ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።»

ወንድሜን ላብ አጠመቀው።

«አዲስ መስመር ከፍታችሁ ነዋ?» አለ አባዬ። ለልጁ መውጫ ቀዳዳ እየፈለገለት እንደነበር ገባኝ።

«ኧረ ቆይቷል አባባ፤ እኔ እዚህ ሳልቀጠር ጀምሮ አለ።»

ጠበቃው የፓስፖርቱን ገጾች ይገላልጥ ጀመር። እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የዋሸው እሱ፣ በሐፍረት የምሸማቀቀው እኔ! ለነገሩ አንድ ቀን ሰው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አልጠየቅኩም።

ከኋላችን የተሰለፉት ማጉረምረም ሲጀምሩ ወደ ዳር ወጣን። ወንድሜ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ «አባዬ፣ እኔ…» ብሎ ጀመረ።

አባዬ አላስጨረሰውም። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ኖሮ ይሻለን ነበር። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ቅበሯት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያኔውኑ ብደውልልህ ትደርስላት ነበር። እናትህን እንዳትቀብር ያደረግኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»