ጓሳው ሲከፈት

ጠቋሚዋ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ብልጭ ትላለች። ጽናት በመሲ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ «የሥራው ማጠናቀቂያ ጊዜ» ከሚለው መስመር ጎን ያለችውን ባዶ ሳጥን አፍጥጣ ታያለች። የሚጻፍባት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ገጽ ያለ ማመንታት ስትሞላ የሰነበተች ልጅ እዚህች ላይ ስትደርስ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት።

«ስድሳ በያ» አለ ከኋላዋ የቆመው አናጺው አብርሃም። «እነሱ ራሳቸው ስድሳ ቀን ብለው የለ?»

ብለዋል። ሕዝቡ በጋራ እየዘጋና እየከፈተ ከሚጠብቀው የሣር ምድር፣ ከጓሳው ጥግ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራው ድርጅት ያወጣው የጨረታ ሰነድ ስምንት ጎጆዎች በሣር እንዲከደኑ፣ ሥራውም በስድሳ ቀን እንዲያልቅ ይጠይቃል። ቴክኒካል ፕሮፖዛሉ በሰም በታሸገ ፖስታ ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት መግባት አለበት። ጽናት ደብረ ብርሃን ኮንስትራክሽን ተምራ ወደ መሐል ሜዳ ከተመለሰች ወዲህ ከአብርሃምና ከአራት ሣር ከዳኞች ጋር አንድ ማኅበር መሥርታለች። ማኅበሩ እስካሁን ያገኘው ሥራ ቢኖር የጎተራ ክዳንና የአጥር ጥገና ነው። ይህ ካመለጠው መፍረሱ ነው። እሷን ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ የብሎኬት ፋብሪካ «ነይ» ብሏት መልሷን እየጠበቀ ነው።

አባቷ አቶ ገሠሠ የፋብሪካውን ወሬ ሲሰሙ ሂጂም ቅሪም አላሉም። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በማግሥቱ ግን ካለፈው አጨዳ የቆጠቧትን ሣር ተሸክመው ከእሷ መኝታ በላይ ያለው ጣሪያ ላይ ወጥተው ሲጠቀጥቁ አገኘቻቸው። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ የሚያፈስም ነገር አልነበረም። ጽናት መሰላሉን ይዛላቸው ቆመች።

«ስድሳ ብዬ ብጽፍ ሣሩን ከየት ላመጣ ነው አብርሽ?» አለች ዓይኗን ከሳጥኗ ሳትነቅል። «ጓሳው ዝግ ነው። ከፋሲካ በፊት እንደማይከፈት አንተም ታውቃለህ።»

«ውሉ ይፈረም እንጂ! ከዚያ ማራዘሚያ እንጠይቃለን። እስቲ ይሄን የማያደርግ ኮንትራክተር አሳዪኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞም አባትሽ የጓሳው ሽማግሌ ናቸው። ቀደም ብሎ ይከፈት ብለው አንዲት ቃል ቢናገሩ ማን እምቢ ይላቸዋል?»

ማንም እምቢ አይላቸውም። ጽናትን ያስፈራትም ይኸው ነው። አቶ ገሠሠ ጓሳው በተዘጋበት ወራት ለገዛ ወንድማቸው አንድ ሸክም ሣር ከልክለው፣ በዚህ የተነሣ ሁለት ክረምት ሰላም ሳይባባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እሷ ብትለምናቸው ግን ጨክነው እምቢ እንደማይሉ ታውቃለች። ስለዚህ አልለመነቻቸውም። ዛሬ ጧት በርኖሳቸውን ደርበው ፈረሳቸውን እየጫኑ «ስብሰባ አለብኝ» ሲሏት እንኳ የምን ስብሰባ ብላ አልጠየቀችም።

ወደ ገጾቹ ተመለሰች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግማሹ የእሷ አልነበረም፤ አንድ የክፍል ጓደኛዋ «ይሄ ያሸነፈ ነው» ብሎ ከላከላት ፕሮፖዛል የተቀዳ ነው። ራዕይ አለው፣ ተልዕኮ አለው፣ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» የሚል ሐረግ በየገጹ ተነስንሶበታል። ይባስ ብሎ አንድ ቦታ ላይ «ከሐይቁ የሚነሣውን ወበቅ ታሳቢ በማድረግ» ይላል። መንዝና ወበቅ! ከውጭ የታኅሣሥ ነፋስ የመሲን የቆርቆሮ በር እያንገጫገጨ፣ እሷም ጋቢ ተከናንባ ይህን ስታነብ ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ግን አፈረች።

ኮሌጅ ሳለች አንድ አስተማሪዋ «ፕሮፖዛል ስለ አሠሪው ጣሪያ ነው የሚጻፈው፤ የናንተን ዝና ማን ጠየቃችሁ?» ይሏቸው ነበር። የዚህን አሠሪ ጣሪያ ደግሞ በዓይኗ አይታዋለች። ቦታውን ልትጎበኝ የሄደች ዕለት፣ አምና ከቆላ በመጣ ሣር የተከደነው የድርጅቱ የጥበቃ ቤት አንድ ክረምት ሳይሻገር ጠቁሮና በስብሶ፣ ጠባቂው ከውስጥ ላስቲክ ወጥሮ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ የጨረታ ሰነዱ ትንፍሽ አይልም። አሠሪው የቸኮለው ግን የሚበሰብስ ቤት አምሮት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ራዕዩን አጠፋችው። ተልዕኮውን አጠፋችው። ወበቁም ሄደ። አብርሃም «ኧረ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ። ከጥበቃ ቤቱ ጀመረች፤ ሣሩ ለምን እንደበሰበሰ ጻፈች። ከዚያ የጓሳ ሣር በስሎና ደርቆ ሲታጨድ ለምን እንደሚሻል፣ በምን ያህል ውፍረት እንደሚከደን፣ የትኛው ከዳኝ የማንን ቤት እንደሠራና ዛሬም ሄዶ ማየት እንደሚቻል ጻፈች። ቃላቱ አሁን ሳትጎትታቸው ይመጡላት ጀመር። ሳጥኗ ጋ ስትደርስ ቁጥሩን ትታ እውነቱን አሰፈረች።

አብርሃም አጎንብሶ አነበበው። ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው።

«በዚህች መስመር ልንወድቅ እንችላለን።»

«እንችላለን።»

«የስድስት ሰው እንጀራ ነው ጽናት።»

«አውቃለሁ። የኔም አለበት።»

«ላም አለኝ በሰማይ ከማለት ይሄ ሳይሻል አይቀርም» አለ በመጨረሻ፣ ደስ ሳይለው። ከዚያ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ የፖስታውን ሰም ራሱ አቀለጠው። ትኩሱ ጠብታ አውራ ጣቱ ላይ ሲያርፍም በሱሪው ጠራረገው።

በከተማው ቢሮ የድርጅቱ ጸሐፊ ፖስታውን በእጇ መዘን አድርጋ «ይህች ብቻ ናት?» ስትል ጠየቀች። ከፊቷ ወፋፍራም ፖስታዎች ተደርድረዋል። ባለ ክራቫት ሰውዬ በር ላይ ቆሞ «እኛማ በአርባ ቀን እናስረክባለን» እያለ በስልክ ይጮኻል። ጽናት ፈርማ ወጣች። ደጅ ስትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልክ መሥራቷን ታውቃለች፤ ፍርሃቱ ግን ይህን አላወቀላትም። አብርሃምን፣ አራቱን ከዳኞች፣ አባቷም በዚያ ቤት ብቻቸውን ራት ሲበሉ አሰበች።

ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ከከተማው እንደወጣች አቶ ገሠሠን በፈረስ ከወዲያ ሲመጡ አየቻቸው። አጠገቧ ሲደርሱ ልጓሙን ሳቡና ወረዱ። ልጃቸውን ለማነጋገር ከፈረስ ሲወርዱ አይታቸው አታውቅም።

«ጽናት፣ ዛሬ የጓሳው ስብሰባ ነበር» አሉ። «ቀደም ብሎ ይከፈት ልል ነበር የሄድኩት። ላንቺ ብዬ።»

«አባባ! እኔ እኮ አልጠየቅኩዎትም።»

«አልጠየቅሽኝም። ቅሪ ማለት አቅቶኝ ነው።» ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። አፌ እምቢ አለኝ ልጄ። ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ቀባጥሬ ተቀመጥኩ። ወንድሜን የከለከልኩ ሰው እንዴት አድርጌ… ይቅር በይኝ። አዲስ አበባ ብትሄጂም አልቀየምሽም።»

ጽናት ከቦርሳዋ የፕሮፖዛሉን ቅጂ አወጣች። ነፋሱ ሊቀማት ሲል አባቷ በአንድ እጃቸው ጫፉን ያዙላት፤ በሌላው ልጓሙን እንደያዙ ናቸው። አነበበችላቸው።

«የማጠናቀቂያ ጊዜ። ምሰሶው፣ ወራጁና ማገሩ በስድሳ ቀን ያልቃል። ክዳኑ የሚጀመረው ጓሳው ሲከፈት ነው። የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው ሕዝቡ ነው፤ እኛ እንዲፋጠንልን አንጠይቅም። እስከዚያ ቤቶቹን በሸራ ሸፍነን እንጠብቃለን።»

አቶ ገሠሠ ወደ ፈረሳቸው ዞሩና ምንም ያልጎደለውን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመሩ።

«እንዲህ ብለሽ ሰጠሻቸው?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«እንዲህ ብዬ።»

«አንብበው ቢስቁብሽስ?»

«ይሳቁ።»

ከወዲያ ማዶ የተዘጋው ጓሳ በነፋሱ ይተኛል፣ መልሶ ይነሣል። አቶ ገሠሠ ወደዚያ ተመለከቱ። ከዚያ ተመልሰው መጡና የወረቀቱን ጫፍ እንደገና ያዙላት።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

ጽናት አፍንጫዋን በጋቢዋ ጠርጋ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።