የደነዘው ቢላዋ

አራጁ በሠላሳ አንድ ዓመት የቄራ ሥራው አንድም ከብት ሁለት ጊዜ ቆርጦ አያውቅም። አንዴ ይቆርጣል፣ አለቀ። ቢላዋውን ከእንስሳው ዓይን ደብቆ ይይዛል፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ይሞክርና ካልጣመው ወደ ሞረዱ ይመለሳል። የፈሰሰው ደም ታጥቦ ሳያልቅ ሌላ ከብት አያስገባም፤ አለቆቹ ፍጠን ብለው ቢጮሁበት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ዘንድ ነው እንግዲህ የእህቱ ልጅ መጥቶ በኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ በሬ ላርድ ያለው። አባቱ ከሞተበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደገው አራጁ ነው። ልጁ ደም ባየ ቁጥር ራሱን ስለሚስት ከቄራ አርቆት ሥዕል አስተማረው። ሥዕሉ ግን ብዙም አልቆየም፤ ሰዓሊ የተባለው የእህቱ ልጅ ቀለሙን ጥሎ ሐሳብ ማሳየት ጀመረ። ባለፈው ዓመት ከአጎቱ የለመነውን የሥጋ መንጠቆ ባዶውን ከጣሪያ አንጠልጥሎ ሕዝብ ጠራ። አራጁ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ሄዶ ሥጋው የታለ ብሎ ቢጠይቅ ተሳቀበት። አንድ ባለ ወፍራም መነጽር ሐያሲ ብቻ ሳይስቅ ጥያቄውን ማስታወሻው ላይ ጻፈና በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ሞላበት። ስለ ባዶ መንጠቆ፣ ሙሉ ገጽ! አራጁ ጋዜጣውን አንብቦ ሲጨርስ ከመንጠቆው ይልቅ የባሰ ባዶ ሆኖ አገኘው።

ሰዓሊውን በሬ እረድ ብሎ የገፋፋውም ያው ሐያሲ ነው። አራጁ አሻፈረኝ አለ። ሰዓሊው እናቱን ላከበት፤ እሷም እንባዋን እያፈሰሰች ወንድሜ አታሳፍርብኝ አለችው። በመጨረሻ በሁለት ቃል ተስማሙ። ሰዓሊው በሬው እንደማይሠቃይ ማለ፤ አራጁም በሬውን አስሮ ከሰጠ በኋላ ከግድግዳው ሥር እንደማይንቀሳቀስ ለእህቱ ቃል ገባ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቄራ እየወሰደ አሠለጠነው። እጁ ጸና፤ ራሱን መሳቱም ቀረ። አራጁ ደስ አለው፤ ደስታውንም አልደበቀም። ከቢላዋዎቹ ሁሉ የሚወደውን ሞርዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው።

በቀኑ ነጩ አዳራሽ ብርጭቆ በያዙ ሰዎች ጢም ብሎ ሞላ። ግድግዳው ላይ በትልቁ "ማመንታት" ተብሎ ተጽፏል። አራጁ ቀዩን በሬ ጠፍሮ አስተኛው፤ ትንፋሹ እስኪረጋ ግንባሩን ዳበሰውና በቃሉ መሠረት ሄዶ ግድግዳው ሥር ቆመ።

ሰዓሊው ቢላዋውን የበሬው ጉሮሮ ላይ ሳበ። ቆዳው ተቧጨረ እንጂ አልተከፈተም። ደግሞ ሳበ። በሬው አጓራ። ሰዓሊው እንደ መጋዝ ይገዘግዝ ጀመር፤ ደሙ እየተንዠቀዠቀ ነጩን ወለል አጠበ፣ ከፊት የቆሙትን ሴቶች ጫማ ነከረ። የበሬው አንድ የኋላ እግር ከገመዱ አመለጠና የብርጭቆውን ጠረጴዛ ገነደሰው። አራጁ የቢላዋውን ድምፅ ሰምቶ ክው አለ። እሱ የሞረደው ቢላዋ እንዲህ አይፋጭም።

"ቢላዋውን ምን አደረግኸው?"

"ሲሚንቶ ላይ አሸሁት" አለ ሰዓሊው ቀና ሳይል። ፊቱ አመድ መስሏል። "ሥራው እኮ መዘግየቱ ነው፣ አጎቴ። ተወኝ።"

ሐያሲው አጠገቡ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብሎ ጊዜ ራሱ ሲታረድ እያየን ነው አላት።

የአራጁ ደም ፈላ። ለእህቱ የገባው ቃል ጠፋበት። ዘሎ የሰዓሊውን እጅ ያዘና ቢላዋውን ልቀቅ አለው፤ እምቢ ሲለው ክንዱን ጠመዘዘው። አጥንቱ ቀጭ ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ሰዓሊው እየጮኸ ደሙ ላይ ወደቀ። አራጁ ከወገቡ የራሱን ቢላዋ መዝዞ ተንበረከከ፣ የበሬውን ዓይን በመዳፉ ሸፈነና አንዴ ቆረጠ። በሬው ተንዘፈዘፈና ዝም አለ።

ሐያሲው አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አራጁ ሐያሲውን ኮሌታውን ጨምድዶ እየጎተተ አመጣው፣ በቡጢ አፉን አለውና በጉልበቱ ደሙ ላይ ጣለው። መነጽሩ ወድቆ ከጫማ ሥር ተንኮታኮተ። የሐያሲውን መዳፍ ይዞ የበሬው ቁስል ላይ ጫነው።

"ምንድን ነው? ንገረኝ።"

ሐያሲው እጁን ሊያወጣ ታገለ። ከንፈሩ ደምቷል።

"ይሞቃል" አለ በመጨረሻ።

"እሱን ጻፍ" አለና አራጁ ለቀቀው።

አራጁ ሦስት ቀን ታሰረ። የእህቱ ልጅ አልከስም ስላለ፣ ሐያሲውም መመታቴ የትርዒቱ አካል ነው ብሎ ቃል ስለሰጠ ተፈታ። ከእስር ቤት በቀጥታ ሆስፒታል ሄደ። ሰዓሊው ክንዱ በጀሶ ታስሮ፣ ጋዜጣ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጠበቀው። የሰዓሊው እናት ወንድሟን ስታይ ክፍሉን ለቅቃ ወጣች።

አራጁ አንብብልኝ አለው። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ነው። የሰዓሊውን ድፍረት ያወድሳል። የክንዱ መሰበር የሥራው ቁንጮ ነው ይላል፤ አራጁንም ሳያውቀው የኪነ ጥበብ መሣሪያ የሆነ ምስኪን ያደርገዋል። ስለ ተሰበረው መነጽር ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ።

"ስለ በሬውስ ምን ይላል?" አለ አራጁ።

ሰዓሊው ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። በግራ እጁ ጣት መስመር በመስመር እየተከተለ ወረደ፣ ገጹን ገለበጠ፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ እንደገና ጀመረ።

"የለበትም፣ አጎቴ።"

ሰዓሊው ጋዜጣውን ከጭኑ ላይ ገፍቶ ጣለው።

"ብዙ ተሠቃየ?"

"በጣም" አለው አራጁ። ሊያባብለው አልፈለገም። ሰዓሊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲያለቅስ፣ አራጁ ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።